የሚኤሶ ጉድጓድ በግንቦትና በነሐሴ

(ሚኤሶ፣ ነሐሴ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.። አምባው ከአሰበ ተፈሪ የመጣ ውኃ መርማሪ ነው። እማማ ሙስሊማ የሰፈሩ ጉድጓድ ጠባቂ ናቸው። ግንቦት ላይ «ጨዋማ ነው፣ ይዘጋ» ብሎ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም፤ ከተዘጋ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እስከ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ውኃ ሊቀዳ ነው። ዛሬ አምባው ተመልሶ ውኃውን ቀምሷል።)

አምባው፦ እኔ እኮ ነኝ የቀመስኩት! ይሄ የግንቦቱ ጉድጓድ አይደለም!

ሙስሊማ፦ ጉድጓድ እግር አለው እንዴ ልጄ? የት ይሄዳል?

አምባው፦ ታዲያ ጨው የት ገባ?

ሙስሊማ፦ ወላሂ እኔ አልነካሁም! ጨው የምገዛው ከሱቅ ነው።

አምባው፦ እርስዎን ማን ጠየቀ? ሳይንስን ነው የምጠይቀው!

ሙስሊማ፦ እሱ እዚህ ሰፈር የለም። የማን ልጅ ነው?

አምባው፦ (ራሱን ይዞ) ኧረ በፈጠረዎት!

ሙስሊማ፦ ወጥ ሲንተከተክ ውሎ ውኃው ሲቀንስ ጨው ይበዛበት የለ? በጋ ላይ ውኃው እንደዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናብ ገባበት፣ ቀጠነ።

አምባው፦ (ደንግጦ፣ ግን ኮስተር ብሎ) እሱንማ አውቃለሁ! በቃ፣ አይዘጋም።

ሙስሊማ፦ አልሐምዱሊላህ! ግን የክረምቱ ውኃ…

አምባው፦ ቆይ ልመርምር! (አንድ ጣሳ ግጥም ያደርጋል።) ማር!

ሙስሊማ፦ እኛ እኮ ነሐሴ ላይ…

አምባው፦ ሳይማሩ ምን ያውቃሉ! (ሁለተኛውን ይደግማል።)

ሙስሊማ፦ ጎርፉ ከበረቱ…

አምባው፦ የከብቱን ወሬ ሌላ ቀን! (ሦስተኛውን ይጨልጣል።)

(በማግስቱ ጠዋት። አምባው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ከጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን በመጸዳጃ ቤትና በአልጋ መካከል ሲመላለስ ነው ያደረው። ሙስሊማ አሳዝኗቸው አፍልተው ያቀዘቀዙት ውኃ ይዘው ይመጣሉ።)

አምባው፦ እማማ፣ አለቀልኝ!

ሙስሊማ፦ አይዞህ፣ አትሞትም። የክረምቱ ውኃ ይጣፍጣል እንጂ ጎርፍ የበረቱን እበት አጥቦ ይከተዋል። እኛ ሳናፈላ አንቀምሰውም።

አምባው፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ሙስሊማ፦ ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴ ጠጣህ።

አምባው፦ (አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶ ያወጣል።) ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሙስሊማ፦ «አይዘጋ፤ በክረምት ግን ይፈላ» በል።

አምባው፦ ማን መረመረው ቢሉኝስ?

ሙስሊማ፦ «ሆዴ» በላቸው።