ስብሰባን ወደ አቼቶ የመለወጥ ዘመቻ

በ1974 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ አንድ ቀበሌ ስብሰባን ወደ አቼቶ ለመለወጥ ወሰነ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ድምፅ አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከጉልላት ነው። ጉልላት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ሲሆን፣ የተቃጠለ አየር እየበሉ አቼቶ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች በጠርሙስ ያረባ ነበር። ይህን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ዓምሃ ሰማና አስጠራው።

«ይኼ የተቃጠለ አየር ከየት ይገኛል?»

«ከጭስም፣ ከጠላ ጋንም... ማለቴ፣ እኛም እኮ ስንተነፍስ...»

«በቃ!» አለ ዓምሃ። «ጥሬ ዕቃው ሕዝቡ ነው።»

በሳምንቱ የባክቴሪያዎቹ በርሜል በቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሽ እንዳይባክን መስኮቶቹ በጋዜጣ ታሸጉ። የእሑዱ ስብሰባም ምርት ለማሳደግ ሲባል እስከ ማታ ተራዘመ። ሰው ላብ በላብ ሆኖ ያዛጋል፤ ማዛጋት እንደ ትጋት ስለተቆጠረ የሚቆጣ አልነበረም።

አንድ እሑድ ዓምሃ ስለ ትንፋሽ ቁጠባ ሲናገር፣ ሽማግሌው አቶ ነገራ ከአግዳሚው ተንሸራተው ወደቁ። ጥጥ ፈታይዋ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ብድግ ብለው መስኮቱን በክርናቸው ሰበሩት።

«ሰው እየሞተ ነው! አየር ያግኝ እንጂ!»

«ጥሬ ዕቃ እያሸሸች ነው!» ብሎ ጮኸ ዓምሃ። «የኢኮኖሚ አሻጥር! አብዮት ጥበቃ፣ ያዟት!»

ሁለት ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ያዟቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተይዞ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ቤተሰቡ አይጠይቅም። ጉልላት ተነሣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እሳቸውን ይተዉአቸው። የሸሸ ነገር የለም። ባክቴሪያዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል።»

ዓምሃ ወደ በርሜሉ ዞረ።

«ማን ገደላቸው?»

«ማንም። ቀድሜ ያልተናገርኩት እጄን ሳወጣ ዕድል ስላልተሰጠኝ ነው እንጂ፣ እነሱ በተቃጠለ አየር ብቻ አይኖሩም። ሌላም ምግብ ያስፈልጋቸዋል።»

ዓምሃ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

«ሌላ ምግብ! ይህ ሰፊ ሕዝብ ስምንት ዓመት ሙሉ በአየር ብቻ ሲኖር አንድ ቀን አጉረምርሟል? እነዚህ በዓይን እንኳ የማይታዩት እነማን ናቸውና ነው!»

ሕዝቡ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ጠባቂዎቹም አለማጨብጨብ ከአሻጥር የከፋ ወንጀል መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ሁለት ሁለት እጃቸው አስፈለጋቸውና የያዙትን ክንድ ለቀቁ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ጭብጨባው ሳያልቅ አቶ ነገራን ደግፈው ወጡ።