ሊቀ ድራይቨር ቆጣሪ ሊያነቡ ሲመጡ

ሰፈር ያለ ውሃ ሰንብቶ ያውቃል፤ ያለ መብራትም ሰንብቶ ያውቃል። የሞተ ኮምፒዩተር ካላስነሣሁ ብሎ የሚሟገት ሰው ያጣ ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። የለንም የሚሉ ካሉም ሰውየው ገና በራቸውን አላንኳኳም ማለት ነው።

የዚህ ሰፈር ሰው በሙያቸው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስትን ተሻግሯል፤ ደረታቸው ላይ መታወቂያ፣ ብብታቸው ሥር መዝገብ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ከመብራት ጋር ምንም የማያገናኘው ጥቁር ቦርሳ አለ። ሰፈርተኛው «ሊቀ ድራይቨር» ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱን መጀመሪያ ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልተቃወሙም።

ድራይቨር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ያስረዳሉ፤ ለሚያውቅም ያስረዳሉ። ኮምፒዩተሩና ስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያወጣው ካርድ ቋንቋቸው ለየቅል ነው፤ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በመካከላቸው ቆሞ ያስተረጉማል። አስተርጓሚው ከተሳሳተ ጨዋታው አይከፈትም፤ ከተከፈተም ጉድ ያሳያል። «ካርዱ አልሞተም፤ የሚሰማው አጥቶ ነው» ይላሉ፣ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ እንደ በሽተኛ ግንባር አስደግፈው።

ቆጣሪ ማንበብ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሊቀ ድራይቨር ግን ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ አንገታቸውን ወደ ሳሎን ሰገግ ያደርጋሉ። ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ካዩ አለቀ። «እሱ ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለቤቱ «ኧረ እሱ ድሮ ሞቷል» ካለ ቦርሳው ከትከሻ ይወርዳል። «ይሠራል» ካለም ይወርዳል፣ ምክንያቱም ይሠራል የሚል ሰው ጨዋታ ሞክሮበት አያውቅም ባይ ናቸው። አለቃቸው አንዴ ጠርተው፣ ሌላው አንባቢ በአራት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እርስዎ ለምን ዘጠኝ ቀን ይፈጅብዎታል ብለው ጠየቋቸው አሉ። እሳቸውም ቆጣሪዎቹ የተሰቀሉት ከፍ ብለው ነው ሲሉ መለሱ። ወዲያው ግን በአለቃው ጠረጴዛ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አይተው ነበርና ወቀሳው እዚያው ላይ ቆመ።

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹ ተራ ሲጠብቁ እንዳይሰለቹ ብሎ ባስቀመጠው ኮምፒዩተር ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ የጫኑለት እሳቸው ናቸው። ለሦስት ቀን ተጫዋቾቹ ጭንቅላት አልነበራቸውም። ደንበኞቹ አንገት አልባ ቡድን ሲደግፉ፣ ጎልም ሲገባ አንገት አልባው አጥቂ በጭንቅላት መታው አልመታው ብለው ሲከራከሩ ሰነበቱ። ሊቀ ድራይቨር በየቀኑ ብቅ እያሉ «ጭንቅላታቸው መንገድ ላይ ነው» ሲሉ ያጽናኗቸዋል። በአራተኛው ቀን እውነትም ጭንቅላታቸው መጣ፤ አንዳንድ ደንበኛ የፊተኛው ይሻል ነበር ማለቱ ግን አልቀረም።

የቦርሳው ነገር ለብቻው ይወራል። ከውስጡ አንድ ጠመንጃ መፍቻ፣ አንድ የቀለም ብሩሽና አንድ የተማሪ ላጲስ ይወጣል። ላጲሱ የካርዱን ጥርስ ለማሸት ነው፤ ዝገት ይለቃል። ከዚያ ሲዲዎቹ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ላይ በእጃቸው ጽፈውበታል፤ ጽሑፉም ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ «ይሠራል»፣ «አይሠራም» እና «አንዳንዴ ይሠራል»። የማይሠራውን ለምን ይዘው እንደሚዞሩ ሲጠየቁ፣ ለዚህ ቤት ያልሠራ ለዚያኛው ይሠራል ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ማጥፋትና ማብራት ነው። «አንዴ ብቻ እናጥፋውና እናብራው» ሲሉ አንዴ የሚለውን ቃል የሚያምናቸው እንግዳ ብቻ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቀን የፋርማሲስቷን በር ያንኳኩት።

ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለ ሰው አይጥማትም። እሷ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከእጇ አይወጣም፤ ወር በገባ ቁጥር መደርደሪያዋን እየፈተሸች ቀኑ ያለፈበትን ሁሉ ታወርዳለች። በዚያን ሰሞን ደግሞ ሆዷ ሌላ ነገር ይዟል። ለሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩትን አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ዝሏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነገሩን አላድበሰበሰም፤ እጁ በእነዚህ ጥቂት ወራት ካልተንቀሳቀሰ እንደ ደረቀ ይቀራል ብሎ ነግሯታል። እንዲጨብጡት ለስላሳ ኳስም ሰጣቸው። አባቷ ኳሱን መስኮት ላይ አስቀምጠው፣ ኳስ የምጫወትበት ዕድሜ አልፏል አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ነው ልጃቸውን ያስፈራት።

አባቷ በሕይወታቸው የወደዱት ጨዋታ አንድ ነው። ጡረታ ሲወጡ ከተገዛላቸው ኮምፒዩተር ጋር የመጣ የጀልባ ጨዋታ ነው፤ ማውስ እያንቀሳቀሱ አንዲት ትንሽ ጀልባ በወንዝ ላይ ከድንጋይ እያሸሹ በድልድይ ሥር ማሳለፍ። ጠዋት ጠዋት ያንን ሳይጫወቱ ቁርስ አይቀርቡም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍ ልጃቸው ጥገና ቤት ወስዳ አዲስ ሲስተም አስጫነችበት፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተከፍቶ አያውቅም። በአዲሱ ላፕቶፗ ብትሞክረውም እምቢ አለ። ጥገና ቤቱም ዕቃው ጊዜው አልፎበታል፣ ጣይው አላት። መጣሉ አላስችል ብሏት ጨርቅ አለበሰችው።

ሊቀ ድራይቨር ጨርቁን አዩ።

በመጀመሪያው ቀን ፋርማሲስቷ እጇን አጣጥፋ ከጎናቸው ቆማ ነበር። ያወጡት ሲዲ ላይ «አንዳንዴ ይሠራል» የሚል አንብባ፣ አንዳንዴ ማለት ምን ማለት ነው ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ክብራቸውን ሳያጓድሉ፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም ማለት ነው ብለው መለሱ። ጨዋታው ተከፈተ። ወንዙ ሮዝ ሆኖ ጀልባዋ ሰማይ ላይ ተንሳፈፈች።

«ጀልባዋ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ አባቷ ከወንበራቸው።

በዚያ ሳምንት ሳይጠየቁ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር። ፋርማሲስቷ የታጠፈ እጇን ፈታች።

«ትወርዳለች ጋሼ፤ መንገድ ላይ ናት» አሉ ሊቀ ድራይቨር።

በማግስቱ ወንዙ ሰማያዊ ሆነ፤ ጀልባዋ ግን ጠፋች። በሦስተኛው ቀን፣ አባቷ እንደቆጠሩት ኮምፒዩተሩ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ከበራ በኋላ፣ ወንዙም ጀልባዋም ድንጋዩም በየቦታው ተገኘ። መድኃኒቱ አዲሱ ድራይቨር አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነበረውም አልነበረም፤ ከካርዱ ጋር እኩል ያረጀው ነው። ሊቀ ድራይቨር ሲሰናበቱ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፦ የኢንተርኔት ገመድ እንዳይሰካበት፣ አድሱኝ ብሎ ቢጠይቅም እንዳይሰማ።

የማውሱ ገመድ አጭር ነውና የሚደርሰው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። አባቷ መጀመሪያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰም። ተነጫነጩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ማውሱ ላይ አስቀመጡት። በመጀመሪያው ቀን ጀልባዋ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አርባ ጊዜ ያህል ወጣች። በሳምንቱ ድንጋዩን አለፉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሸሚዛቸውን የታችኛውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ፤ ልጃቸው ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ደስታም ለቅሶ አለው።

ከዚያ እሑድ መጣ። አባቷ ገላቸውን ሲታጠቡ ፋርማሲስቷ አቧራ ልታራግፍ ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመች። ያን ያህል ሥራ የሠራው ነገር ምን ይሆን ብላ የድራይቨሩን መረጃ ከፈተችው። ቀን ተጽፎበታል። አሥራ አራት ዓመት አልፎታል።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ይዘጋው ነበር። ፋርማሲስት ግን ቀኑ ያለፈበት ነገር አይታ እንዴት ትተወው? ለአባቷ ጊዜው ያለፈበትን ስትሰጥ የከረመች ሆኖ ተሰማት። ገመዱን ሰካች፤ አድስ የሚለውን ተጫነች። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ ጨዋታው ብልጭ ብሎ ሰማዩን በጀልባ ሞላና ጠቆረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው፤ እሷስ የምትለቅመውም አጣች።

አባቷ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው መጡ። ጥቁሩን ስክሪን ለጥቂት ጊዜ አዩት።

«ተይው» አሏት። «ያረጀ ነገር ቢያገግምም ለጊዜው ነው።»

ቀኝ እጃቸውን የጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ሰኞም ከዚያ አላወጡትም። ማክሰኞ ቁርስ ሲበሉም አላወጡትም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ወጥታ ሊቀ ድራይቨርን ፍለጋ ሦስት መንገድ አካለለች። አንድ አጥር ሥር ቆመው ቆጣሪ እያነበቡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

ቁጥሩን ጽፈው ጨርሰው ቀና አሉ። «ቀኑን አየሽ?»

«አየሁ።»

«ገመዱን ሰካሽ።»

«ሰካሁ።»

«የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ያልተማረው አትንካ ሲሉት አይነካም።»

ስለ ኮምፒዩተሩ ብዙ ልትነግራቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አባዬ እጁን ኪሱ ከቶታል፤ አላወጣም ብሏል» አለቻቸው። ሊቀ ድራይቨር መዝገቡን ዘጉት። የቀረው መንገድ ነገ ይነበባል አሉ።

አባቷ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ሰላምታውን በግራ እጃቸው መለሱ። ሊቀ ድራይቨር አዲሱን ድራይቨር ነቅለው ጣሉ፤ ከዚያ «ይሠራል» የሚለውን ሲዲ አስገቡ። ማሽኑ ሲዲውን አንጫጫና ተፋው። ቢወለውሉትም፣ ቢተነፍሱበትም፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ቢያሹትም ተፋው፤ ፊቱ ተቧጭሯል። ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለውን አሮጌ ድራይቨር ኢንተርኔት ላይም ብትፈልገው አጥታው ነበር።

ሊቀ ድራይቨር በድንገት ግንባራቸውን መቱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ከኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ «የቆጣሪ ንባብ» የሚል ፎልደር አወጡ። ድራይቨሩ እዚያ ተኝቷል።

«ይኸ ስም ከምን መጣ?» አለች።

«እንዲህ የሚል ነገር ማን ይከፍታል? ፋርማሲስት መሆንሽን የሰማሁ ዕለት ነው የደበቅሁት፤ ረስቼው ነበር።»

እሷም ሳቀች። ይኸንን ሰው አታላይ ሐኪም ብላ በሆዷ ስትሰድበው የከረመችውን ሁሉ አሰበችና አፈረች፤ ሰውየውን እንደምትወዳቸውም ያን ጊዜ ገባት።

አራት ጊዜ አጥፍተው አራት ጊዜ አበሩት። ወንዙ መጣ፤ ጀልባዋም መጣች። ሊቀ ድራይቨር ወዲያው ላጲሳቸውን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመሩ።

«እስቲ ቁጭ በል» አሉ አባቷ። «ያን ያህል የለፋህበትን አንድ ዙር ሳትጫወት ትሄዳለህ?»

ሊቀ ድራይቨር ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ። «ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ይኸንን ነው የማትችለው?»

«ማንኛውንም። አስተካክላለሁ እንጂ ተጫውቼ አላውቅም። ሲከፈትልኝ እሄዳለሁ። ማን ያሳየኛል?»

ስንት ሰው በእሳቸው ጥረት ጎል ሲያገባና ሲያሸንፍ የኖረበት ሰፈር ነው፤ አንድም ሰው ግን እርስዎስ ብሎ አልጠየቃቸውም፤ ፋርማሲስቷም ብትሆን። አባቷ ወንበር ሳቡላቸው። ሊቀ ድራይቨር ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ ማውሱንም የሚናከስ ነገር ይመስል በሁለት ጣት ያዙት። ጀልባዋ እንደተነሣች በቀጥታ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

«እንደሱ አይደለም። አትጭነቀው።»

ዳግመኛ ወጣች።

«ቆይ፤ ልምራህ» አሉ አባቷ።

ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። በግራቸው አላነሡትም። በአየር ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠና በሊቀ ድራይቨር እጅ ላይ አረፈ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተጣጥፈው ያዙት። ፋርማሲስቷ የሥራ ሰዓቷ አልፎ እንደነበር ታውቃለች፤ ከበሩ ግን አልተነቃነቀችም። ጀልባዋ በዝግታ ወደ ግራ ዞረች፤ ድንጋዩን ለጥቂት ታክካ አለፈች፤ በድልድዩ ሥር ልትገባ ስትል ቋሚው ላይ ወጣች።

«እንደገና» አሉ አባቷ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም።