ቡቺን አንቱ የሚሉት ጎረቤቴ

ውሻን አንቱ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልድያ ላይ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አጥር ተጋርቼ እኖራለሁ። ጎረቤቴ ጋሽ ሙላት «በክብር ያደገ ውሻ ጨዋ ይሆናል» ባይ ናቸው። ቡችላቸውን ቡቺን «ይምጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» እያሉ ያሠለጥኑታል፤ ሶፋ ላይ ሲወጣም «ኧረ ይውረዱ!» ነው። እኛ «ና!» ብንለው ዞር ብሎም አያየን።

ባለፈው ሲያንሸራሽሩት መናኸሪያው በር ላይ ተገናኘን። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የሚኒባስ ረዳት አንዲት እናትን «ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ!» አላቸው። ቡቺ ታዛዥ አይደል? እኛ ሳናየው ዘሎ ገባና ወንበር ሥር ተቀመጠ። «ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና?» ተባብለን ዞር ስንል ሚኒባሱም የለ፣ ቡቺም የለ!

ስንፈልገው ቆይተን ጋሽ ሙላት እንባቸው ሊመጣ ሲል ስልካቸው ጮኸ። ድምፅ ማጉያውን ከፍተው አነሱት፤ ረዳቱ ነው፤ ቁጥሩን ከቡቺ አንገት ማሰሪያ ላይ አንብቦ ከመርሳ ከተማ ደወለ።

«ጋሼ፣ ውረድ ብለው፣ ውጣ ብለው እምቢ አለኝ!»

«አንቱ በለዋ!»

 ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «እባክዎ ይውረዱ» ሲል ሰማነው። ወዲያው የተሳፋሪው ሳቅ ፈነዳ፤ ቡቺ ወርዷል።

በሳቁ መሀል የእማማ ድምፅ መጣ፦ «አንተ! እኔን አሁን 'ቶሎ ውረጂ' አላልከኝም?»