አሥራ ሁለት ሰው የሚያነሳው መኪና

ስለ መኪና ምክር መጠየቅ ጥሩ አይደለም። በተለይ ወንድም ካላችሁ። እኔ አንድ እሁድ፣ ያውም ሳላስበው፣ ድንኳን ይዘን በረሃም ተራራም እንደር ብንል የቱ መኪና ይሻል ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። ቁርስ ላይ የተጀመረው መልስ ምሳ አስበላን።

ጌታቸው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰው ጋዜጣ ሲያነብ እሱ የመኪና መጽሔት ያነባል። ለበረሃ የሚሆን መኪና ሆዱ ከመሬት መራቅ አለበት አለኝ። አራቱም ጎማው ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ሁለት ትርፍ ጎማ ያስፈልጋል፣ ጣሪያው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ያስፈልጋል፣ ማቀዝቀዣም ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለምኑ ነው ብዬ ብጠይቀው ለውሃ ነው አለኝ። ሐረር ተወልዶ፣ በጄሪካን ውሃ ሲያጠራቅም አድጎ፣ ዛሬ ያልቀዘቀዘ ውሃ አይወርድለትም። ይህ ሁሉ ያለው መኪና ደግሞ የትም ፍለጋ አያስኬድም፤ እሱ በቅርቡ የገዛው ነው። ምክሩን ሲጨርስ በመስኮት ወደ ግቢው አየና «ያንን ብቻ እንዳታስቢው» አለ።

ያንን ያለው ፔጆዬን ነው። ፔጆ 404። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣ ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር ታክሲ የሠራበት። ሲሞት ለሁለታችን ነው የተወው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የጌታቸው። የምነዳው ግን እኔ ነኝ። ጌታቸው ድሬዳዋ ገዥ ካገኘለት ቆይቷል፤ እኔም አይሸጥም ካልኩ ቆይቻለሁ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ጡረታ የወጣች ሴት ያለ መኪና የት ትሄዳለች? ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት። ሁለቱም ደህና ቦታ ናቸው። እኔ ግን ሌላም ቦታ መሄድ አምሮኛል።

የት እንዳማረኝም ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የቁንዱዶን ተራራ በጠመኔ ስስል ኖርኩ። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ እያልኩ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ወጥተው አይተዋቸዋል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ውሸቴን ነው። ከሐረር ሆኜ በሩቁ ከማየት በቀር አልረገጥኩትም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ «አዎ» ነበር። ስለዚህ አንድ ሌሊት በዳካታ በረሃ፣ አንድ ሌሊት በቁንዱዶ ሥር ላድር ወሰንኩ።

አሁን የመኪና አመራረጥ የእኔን ስሙ። መጀመሪያ የማየው ጉልበት ነው፤ የመኪናውን ሳይሆን የዘይነባን። ዘይነባ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ጀጎል ውስጥ አህያ እንኳ አስባ በምትዞርበት መተላለፊያ ነው ቤቷ። ያለ እሷ የትም አልሄድም። የእሷ ጉልበት ደግሞ የታመመ ነው፤ የጌታቸው መኪና ውስጥ ለመግባት በርጩማ ያስፈልጋታል። ፔጆው ላይ ግን ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ እግሯን ታስገባለች፣ አለቀ። ሁለተኛው መመዘኛዬ ሸዋ በር ነው። በረሃውና ተራራው ኋላ ይደረስበታል፣ መጀመሪያ ከሐረር መውጣት አለ። በቲማቲሙ፣ በጫቱ፣ በሚኒባሱና በፍየሉ መሀል ፔጆው ይሾልካል። የገበያው ሴቶች ያውቁታል፣ ዘንቢላቸውን ሳብ ያደርጉለታል። ጌታቸውን ግን ተነስተው አያሳልፉትም፣ አንደኛዋ እንዲያውም መኪናውን አይታ ይህን ቤት እዚህ ምን አመጣው አለችው። ሦስተኛው፣ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ሐረር ውስጥ ፔጆ የማይነካካ ወንድ ካለ አሳዩኝ።

ጌታቸው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ቁም ነገር አወራ። ፔጆው ደርሶ በራሱ ጉልበት ከተመለሰ ሁለተኛ ሽያጭ አላነሳም አለ። ካልተመለሰ ግን ድሬዳዋ ይሄዳል፣ እኔም ቅር ሳይለኝ እፈርማለሁ። እሱ ከኋላ ከኋላችን በመኪናው ይከተላል፣ ለምስክርነትም ለመጎተትም። መጎተት የሚለውን ሲናገር ደስ አለው። እኔም እሺ አልኩ፤ እልህ ይዞኛል።

ድንኳን ከየት ይምጣ? የጣሪያ ድንኳን የለኝም። የእድራችን ድንኳን ግን አለ። የእድራችንን ንብረት ጠባቂ ትንሹን ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው ማን ሞተ አለኝ። እስካሁን ማንም አልኩት። አልሳቀም፤ ግን ሰጠኝ። ትንሹ የተባለው ሠላሳ ሰው ያስቀምጣል። ፖርቶመጋላው ላይ ስንጭነው የፔጆው ወገብ ጎበጠ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመኪናው አይደለም። መኪናውን ማንም እንዲያማብኝ አልፈልግም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ወጣን። ባቢሌን አልፈን ዳካታ ገባን። ያን ሸለቆ ያየ ያውቀዋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ ሊወድቅ ነው ሲሉት ሳይወድቅ ይኖራል። ዘይነባ «አቦ እዚህ ጋ ዝቅ በይ፣ ጥላ አለ» አለችኝ። ዝቅ አልኩ። ጥላው የነበረው ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ደረቅ ይሁን እንጂ አሸዋው ጥልቅ ነበር። ፔጆው እስከ ሆዱ ገባ።

ጌታቸው ደርሶ ወረደ። ገመዱን አወጣና ሲፈታ ብቻ አየሁት፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ ገመድ ሲፈታ አይቼው አላውቅም። እኔም ሄጄ የፔጆው ኮፈን ላይ ተቀመጥኩ። እዚሁ ነው የማድረው አልኩት። በረሃ ላድር አልነበር የመጣሁት? ይኸው በረሃ። ካስፈለገ አንድ ሳምንት እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ያ ገመድ ግን መኪናዬን አይነካውም። ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከጎኔ ቆመች። «ገመድህን ጠቅልል» አለችው። እሱም ጥላ ፈልጎ መጽሔቱን ዘረጋ። እኛ ሁለት አሮጊቶች ድንኳኑን አወረድን፣ ካስማ ተከልን፣ ወጠርነው። እየነደደኝ ስለነበር ነው መሰለኝ ሥራው ቶሎ አለቀ።

ሻይ እንኳ ሳይፈላልን ሰው መምጣት ጀመረ። ከኮረብታው ላይ በአንድ መስመር፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይነጋገሩ። ከፊት አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላ አሥራ አንድ ሰው። ትከሻቸው ላይ ዶማና አካፋ። ደነገጥኩ። መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሌሎቹም ዘረጉ፣ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ አስከሬኑ የት ነው ብለው ጠየቁ።

ያኔ ገባኝ። በዚያ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ዘፈን ከሌለ ለቅሶ ነው። ድንኳናችንን ከማሳቸው አይተው፣ መንገድ ላይ ሰው ሞቶባቸዋል ብለው፣ መቃብር ሊቆፍሩልን ነው ሥራቸውን ጥለው የመጡት። የማያውቁን ሰዎች።

ዘይነባ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። ማንም አልሞተም፣ የተቀበረው መኪና ነው አለች። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌው፣ ኦቦ አደም ይባላሉ፣ ተነስተው ፔጆውን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሆዱን አዩ። ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄም አልሞተም» አሉ።

አሸዋውን በአካፋ ጠረጉ። ከዚያ አሥራ ሁለቱም ያዙት። ያ አላህ አሉና መጀመሪያ ቂጡን አንስተው ወደ ጎን አደረጉት፣ ቀጥሎ ፊቱን። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጡልኝ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳ። ከዚያ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ የጌታቸውን መኪና በዓይኑ ለክቶ፣ ያኛው ቢገባ ኖሮ እውነትም እንቀብረው ነበር አለ።

ጌታቸው ቦርሳውን አወጣ። ኦቦ አደም እጁን መለሱት። «ልጄ፣ እኛ ለቅሶ ነው የመጣነው። ለለቅሶ ይከፈላል እንዴ?» አሉት። የግድ ልመልስ ካልክ ግን ጉዛ ነው ብለው አስረዱን። ጉዛ በእኛ በሐረርጌ ገበሬው ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ የሚሠራበት ነው፤ ነገ ደግሞ ያ የተሠራለት ለሌሎቹ ይወጣል። ለውዝ ሲደርስ ትመጣላችሁ አሉ። ዘይነባ ኢንሻአላህ አለች። እኔም እሺ አልኩ። ጌታቸውም ለጨዋነት ያህል ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ይህን ራስ መነቅነቅ ያዙልኝ። ለጉዛ ደግሞ ምግብና ጫት የባለጉዳዩ ነው። ስንቃችንን በሙሉ አቀረብን፣ ለጫቱ ጌታቸው ባቢሌ ተላከ። አራቱም ጎማው ጉልበት ያለው መኪና ያን ቀን የሠራው ይኸው ነው።

በማግስቱ ቁንዱዶ ሄድን። ፔጆው መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን። ከዚያ ወዲያ የጌታቸውም አይሄድም፣ ተራራ በእግር ነው። ዘይነባ ሥሩ ላይ ከድንኳኑ ጋር ቀረች፣ እኔ ስድስት ቦታ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። ፈረሶቹ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ፤ ቡኒ ናቸው፣ አጠር ያሉ፣ አዩኝና ሣራቸውን ቀጠሉ። አለቀስኩ። ያቺ ተማሪ አሁን ትልቅ ሴት ሆና ይሆናል፣ ባገኛት ስለ ፈረሶቹ የምነግራት አለኝ።

በራሳችን ጎማ ሐረር ገባን። ጌታቸው ግን ተሸንፈሻል አለ። ውላችን በራሱ ጉልበት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰው የፔጆው ጉልበት አይደለም። መኪና አልጎተተውም ብዬ ተሟገትኩ፣ ዘይነባም ተሟገተች። ፍርድ አላገኘንም። ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጌታቸው የድሬዳዋውን ገዥ ይዞት መጣ፤ ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አምሮበታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነበር ያደርኩት። ሰውዬው ኮፈን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ማርሽ ነካካ፣ ወደደው። ጌታቸው የሽያጩን ወረቀት እንድፈርም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ።

በሩ ተንኳኳ። ኦቦ አደም ናቸው፣ ዘይነባ ከጊደር መጋላ ይዛቸው መጥታ። ለገበያ ገብተው ነው፤ ለውዙ ደርሷል ሊሉን። ተቀመጡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ወረቀቱን አዩ። ገዥውን መኪናውን ልትወስድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንግዲያው ሐሙስ ና። ዶማ እኛ ጋ አለ።» ጉዛው የመኪናው ነው፣ መኪናውን የያዘ ጉዛውንም ይይዛል ብለው በትዕግሥት አስረዱት። ሰውዬው ሸሚዙን አየ። ቆይቶ እደውላለሁ ብሎ ወጣ፤ ሲደውል አልሰማንም።

ጌታቸው ጥርሱን ነከሰ። እሺ፣ እንሂድና ሠርተን እንጨርስ፣ ከዚያ ነፃ ሆኖ ይሸጣል አለ። ሐሙስ ሄድን። በፔጆው ነው የሄድነው፣ የተነሳው እሱ ነውና። ዘይነባ መሬት ተቀምጣ ለውዙን ከሥሩ ስትለቅም ከወጣቶቹ በለጠች። እኔም አላፈርኩም። ጌታቸው ሲነቅል ዋለ፤ ማታ ወገቡን ይዞ ቀና ለማለት ሁለት ሰው አገዘው።

ስንሰነባበት ጌታቸው ኦቦ አደምን ከእንግዲህ ጨርሰናል አይደል አላቸው።

«የእኔን ጨርሳችኋል» አሉት ኦቦ አደም። «ያነሳነው ግን አሥራ ሁለት ነን። በየዓመቱ የአንድ ሰው ማሳ ነው። አሥራ አንድ ይቀራል።»

ጌታቸው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ኦቦ አደም አላየሁም። ኦቦ አደምም ወደ እኔ አላዩም። ዘይነባ ብቻ ለውዝ ትፈለፍል ነበር።

እንግዲህ ለበረሃና ለተራራ የቱ መኪና ይሻላል ካላችሁኝ፣ ሆዱ ከመሬት ይራቅ አይራቅ አላውቅም። ሰው የሚያነሳው ይሁን። የሚያነሱት ሰዎች ደግሞ ብዙ ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸውም ማሳ ይኑራቸው።