ፊትዎን የሚያዩበት መኪና

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጫልቱ ፍሪጅ ቆለፈችብኝ! ቁልፉን ደግሞ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ፍሪጅ! በዚህ ዕድሜዬ!

«ጋሼ ምን በልተውባት ነው?» ብላችሁ ኮሜንት ልትጽፉ ነው አይደል? ኧረ ምንም አልበላሁም። የልጅ ልጃችን ልታገባ ነው፣ የሰርጉ መኪና ግቢያችን ቆሟል፣ እኔም ባልዲ አንስቼ «ልጠበው» አልኩ። በቃ፣ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው።

ጫልቱ ባልዲውን ቀማችኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ቅቤ አለበታ!

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ጃንሆይ ጊዜ ልመልሳችሁ። ፈንዲሻ ያዙ።

ያኔ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀጭን፣ ክራቫት የማልፈታ፣ አፌ ከደመወዜ የሚበልጥ ጎረምሳ። ጫልቱ ከሰበታ ወዲያ የተጂ አገር ልጅ ነች። አባቷ ኦቦ ዳባ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፣ የተናገሩትን የማይደግሙ ሰው። ሽማግሌ ስልክባቸው «እሺ፣ ግን ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በመኪና ነው» አሉ። የጎረቤታቸውን ልጅ አንድ የሆለታ ሰው በመኪና ወስዷት ኖሯል። እሳቸው ከማን ያንሳሉ?

«እሺ» ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ኦቦ፣ ፊትዎን የሚያዩበት መኪና ነው ይዤልዎት የምመጣው!» አልኳቸው።

ወይ አፍ!

አለቃዬ ጥቁር መኪናውን አዋሰኝ። በሰርጉ ዕለት እኔና ሚዜዬ ተሰማ ከወንዝ ውሃ ቀድተን፣ መኪናውን ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቦታ አቁመን፣ በልብስ ሳሙና ፈተግነው። አረፋው ሲያምር! ተሰማ «አትልፋ፣ በራሱ ይደርቃል» አለኝ። ደረቀ።

ጉድ በሉ! ጥቁሩ መኪና ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ነጠብጣብ፣ በዚያ ላይ የሳሙና መስመር። ደግመን አጠብነው። ፀሐይዋ ከእኛ ቀድማ አደረቀችው፣ ባሰበት። በእናቴ አሮጌ ጋቢ ስንወለውለው ደግሞ የጋቢው ብናኝ ተለጠፈበት።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው። አጃቢው ሁሉ ለብሶ ቆሟል፣ እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ባልዲ ታቅፌያለሁ። ኦቦ ዳባ ልጃቸውን ቢከለክሉኝስ? የምሬን ነው የፈራሁት። ጫልቱን እወዳት ነበር እኮ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ተሰማ ማሰብ ጀመረ። ተሰማ ማሰብ አልነበረበትም!

«ፀጉር የሚያወዛ ቅቤ ቆርቆሮ ያቅተዋል?» አለኝ።

እናቴ ለሙሽራዋ ፀጉር ብላ በቅመም ያዘጋጀችው ለጋ ቅቤ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። ሰረቅነው። ቀባነው። ከኮፈኑ እስከ ጎማው!

ወገኖቼ፣ አበራ! ነጠብጣቡ ድራሹ ጠፋ። ተሰማን አቅፌ ሳምኩት፣ ኮፈኑ ላይ ፊቴን እያየሁ ፀጉሬን አበጠርኩ።

ተነሳን። ወሩ ጥር ነው። ዋናው መንገድ ላይ ደህና ነበርን። ወደነጫልቱ ቤት ተገንጥለን አቧራማው መንገድ ውስጥ ስንገባ ግን ከፊታችን እህል የጫነ መኪና ነበር።

ቅቤና አቧራ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ?

ልስን!

ኦቦ ዳባ ደጅ ስንደርስ ጥቁር መኪና የሚባል ነገር የለም። በር ይዘው የሚጨፍሩት የሙሽራዋ ጓደኞች ዘፈናቸውን አቋረጡ። አንዷ «ኧረ ግድግዳ እየነዱ መጡ!» አለች። መንደሩ በሳቅ ሞተ። ዝንቡ ወረረን። የቤቱ ውሻ መጥቶ የኋላውን በር ይልስ ጀመር። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል፣ እኔም መኪናው ሥር መግባት አማረኝ።

ኦቦ ዳባ ቡሉኳቸውን ለብሰው ቀስ ብለው መጡ። ጎንበስ አሉ። አታምኑኝም፣ በሩ ላይ ፊታቸውን ፈለጉ! ሲያጡት በጣታቸው ጠረግ አደረጉና ጣታቸውን አሸተቱ።

«ይሄ ቅቤ ነው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«የምን ቅቤ?»

ውሸት ጠፋብኝ። «የ... የጫልቱ ፀጉር።»

ውሻው አሁንም ይልሳል።

«ልጄ በዚህ አትወጣም» አሉ። የተናገሩትን የማይደግሙ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ፣ ተሰማ ውሻውን ያባርራል፣ እኔ እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ሙሽራዋ ወጣች። ሳትጠራ፣ ሳትመረቅ፣ በገዛ እግሯ! እናቷ ከኋላ «ኧረ ነውር ነው!» እያሉ ቀሚሷን ይጎትታሉ። ጫልቱ መኪናውን አየች፣ ውሻውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቬሏን ይዛ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች።

«አባ» አለች ሳቋ ሲወጣላት፣ «እኛ ቤት የሚመረቅ ሰው ቅቤ ይቀባ የለም እንዴ? እሱ የኔን ድርሻ ለመኪናው ቀባው። ይሁን፣ እኔ በደረቅ ፀጉሬ እሄዳለሁ። ብቻ ልሂድ።»

ኦቦ ዳባ ጣታቸውን እንደገና አሸተቱ። ከንፈራቸው ሳቅ እንዳያመልጠው ሲታገል አየሁት።

«ቅቤውስ ጥሩ ነበር» አሉና የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱላት።

የሰርጋችንን ፎቶ ያየ ሁሉ ነጩ ቀሚስ ላይ ያለው የቅቤ እጅ አሻራ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። የእኔ ነው። አለቃዬማ እስከ ክረምት ድረስ ውሻ እያስከተለ ነው ሥራ የገባው። ኦቦ ዳባም ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ባዩኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ጣታቸውን ያሸቱ ነበር።

እና ልጆቼ፣ መኪና በጥላ ሥር ይታጠባል። ሳሙናው ሳይደርቅ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ ውሃው ሳይደርቅ ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ይወለወላል። ይሄን ለመማር ሚስት ላጣ ነበር፣ እናንተ በነፃ ወሰዳችሁት። ሼር አድርጉት እንጂ!

ቆይ፣ ይሄን ስጽፍ ጫልቱ ከኋላዬ መጥታ ስልኬን አነበበች። ጣቷን አሸተተችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነን እኮ! እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ ቅጣት?