ዘሃራን ደስ ላሰኝ ብዬ ያስለቀስኩበት ጠዋት

ጀማው፣ እኔ ዛሬ የሠራሁትን ጠላቴም አይሥራው!

ስልኬ ላይ ጣቴ ፊደል ፍለጋ ይንከራተታልና ታገሱኝ።

ከባለቤቴ ከዘሃራ ጋር ከተጋባን አርባ ዓመት ሞላን። አንድ ቀን እንኳ ደግሼላት አላውቅም። እና ሰርፕራይዝ ላድርግላት አልኩ። አዎ፣ እኔ ሽማግሌው!

ኮምቦልቻና ደጋን ላሉት ዘመዶቿ በየተራ ደወልኩ። "እሁድ በማለዳ ደሴ ቤቴ ኑ። ዘሃራ እንዳትሰማ። እንዳትደውሉላት።" አልኩና ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ልጄ ፋጡማ "አባ፣ ለምን እንደጠራሃቸው ንገራቸው እንጂ" አለችኝ።

"ሲመጡ ያዩታል!" አልኳት። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

እስቲ የወሎ ሰው ፍረዱኝ። ዘመድ በማለዳ ተጠርቶ፣ "እሷ እንዳትሰማ" ተብሎ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው?

ለመርዶ!

ዛሬ ጠዋት ያዘዝኩትን ኬክ ይዤ ስመለስ፣ ጎረቤት ሰው ሲሰበሰብ አይቶ የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለቴ ነው፣ የለቅሶ ድንኳን ደጄ ላይ ተክሏል። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል።

ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣ "ወንድሜን! ሰዒዴን!" ትላለች። ሰዒድ ጅዳ ሆኖ ከታመመ ወር አልፎታል። ማንም ምንም አልነገራትም። ማን እንደሞተ የሚያውቅም የለም! ሁሉም መርዶውን ከእኔ ነው የሚጠብቀው።

ኬኬን እንደያዝኩ ሰዉን ገፍቼ ገባሁ።

"ኧረ ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮኽኩ። ማን ይመነኝ?

ታላቅ እህቷ ከድጃ "አንተ ሰውዬ፣ እህቴን አታታልላት፣ እውነቱን አውጣው!" አለችኝ።

ፋጡማ ጅዳ ደወለች። ሰዒድ ሲያነሳ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። "እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ሲላት ዘሃራ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አነባች። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ከድጃ ኬኩን አየችና "በዚህ ነው ከኮምቦልቻ እስከዚህ እያለቀስኩ የመጣሁት?" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዘሃራ ግን አልሳቀችም።

ሰው ሲበተን ጎኗ ተቀመጥኩ። "ደስ ላሰኝሽ ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

"እኔንስ ደብቀኝ። ለእነሱ 'ደስታ ነው' ብትላቸው ምላስህ ይቆረጥ ነበር?"

ወላሂ እውነቷን ነው።

ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ይሄን ያህል የምጽፍ ሰውዬ፣ ለገዛ አማቾቼ ሁለት ቃል ስነፍግ ምን ነክቶኝ ነው?