ወይዘሮ ድገሙት ሳንባ ሲያሳጥቡ

ሌላ ሰው ያጠበው ነገር ንጹሕ የማይመስላት ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። እንግድነት ሄዳ የታጠበ ሳህን ታለቀልቃለች፤ ዝናብ ያጠበውን ደጅ እንኳ መልሳ ካላጠበችው አይዋጥላትም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ድገሙት ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ በሆኑበት ሆቴል በሥራቸው ያሉት ሴቶች ናቸው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ የመጣውን አንሶላ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው «አንዴ ድገሙት» ሳይሉ አያሳልፉምና።

ባላቸው ድንጋይ ጠራቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመቁረጫ ማሽን ድንጋይ ሲሰነጥቅ የሳበው ብናኝ ሳንባው ውስጥ ጎጆ ቀልሶ፣ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ግድግዳ ያስደግፈው ጀመር። ሐኪሟ ራጁን አይታ፣ «ሳንባውን እናጥበዋለን» አለች።

ሌላ ሚስት ብትሆን ክው ትል ነበር። ወይዘሮ ድገሙት ግን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

«በምን ውሃ?»

«በጨው ውሃ፣ እማማ። በሰውነት ሙቀት ልክ ለብ ያለ።»

«ጨው ደግ ነው፤ የደም እድፍ ያስለቅቃል። ትዘፈዝፉታላችሁ?»

«በማደንዘዣ አስተኝተነው በአንደኛው ሳንባ ይተነፍሳል። ሌላውን በቱቦ ውሃ እንሞላና፣ ደረቱን መታ መታ እያደረግን እናፈሰዋለን።»

«እንደ ምንጣፍ።»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «እንደ ምንጣፍ።»

«አትጨምቁትም?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ተዉት፣ ቅርጹን ያጣል። ስንቴ ታለቀልቁታላችሁ?»

«ውሃው እስኪጠራ። አሥርም አሥራ ሁለትም ጊዜ ሊሆን ይችላል።»

«እኔም እኮ እዚሁ ነኝ» አለ ባልየው። የሰማው የለም።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ የሚወጣው አቧራው ነው። ጠባሳው አይወጣም። ወደ ድንጋዩ ከተመለሰ ደግሞ ልፋታችን ከንቱ ነው።»

ወይዘሮዋ ራጁን አንስተው አዩት። «እድፉ ክሩን በልቶታል በይኛ፣ ልጄ።»

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ያልተበላውን አትርፉልኝ።»

በቀጠሮው ቀን ሽርጣቸውን ታጥቀው ሆስፒታል መጡ። ከማጠቢያው ክፍል በር ላይ መለሷቸው። ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጠው አግዳሚውን ወለወሉ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን። በሦስተኛው ሰዓት የጽዳት ሠራተኛውን መወልወያ ነጥቀው ወለሉን ሲያጋምሱ፣ ሲስተሯ ከሳንባው የወጣውን ውሃ በጠርሙሶች ሞልታ በጋሪ እየገፋች ወጣች። የመጀመሪያው ጠርሙስ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ይመስላል። የመጨረሻው ኩልል ያለ ነው። ወይዘሮ ድገሙት የመጨረሻውን ወደ መስኮቱ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንዴ ድገሙት።»

«እማማ፣ ቱቦው ወጥቷል! ሰውየው ነቅቷል!»

«ታዲያ የነቃ ሰው አይታጠብም?»

ሁለተኛው ሳንባ ከሳምንታት በኋላ ታጠበ። ሰውየው የድንጋዩን ሥራ ትቶ የመጋዘን ጥበቃ ገባ፤ ፎቁን አሁን አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ ይወጣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ወይዘሮዋ ልብስ አስጥተው ሲገቡ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ። ስድስት ዓመት ያ ደረት እንደ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ኖሯል፤ ባላቸው የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት በፉጨቱ ነበር። አሁን ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሳፋው ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሮጠው ትከሻውን ይዘው ናጡት።

«ምነው! ምን ሆንሽ?»

«ድምፅህ የታለ?»

«አንቺው አይደለሽ ያሳጠብሽው!»

ሶፋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። በእርጥብ ሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሲያጥቡ ያውቁበታል» አሉ፤ በዕድሜያቸው የሌላ ሰው እጥበት ሲያመሰግኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «በል ተኛ። ግን ትንሽ አፏጭልኝ።»

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአፉ ማፏጨት ጀመረ።